በአሮጌ የብረት ታንክ ውስጥ ስለሚገኘው ዝገትና ስለ መጠጥ ውኃ ንጽሕና

በከተማ የሚኖር ሰው ከቧንቧ ስለሚቀዳው ውኃ ብዙ ጊዜ አያስብም። ውኃው ጠርቶ የወረደ እንደ ሆነ ይጠጣዋል፤ የጠፋ እንደ ሆነ ያማርራል፤ ቀልቶ የወረደ እንደ ሆነ ግን ይጠጣው ወይስ ይድፋው የሚለውን ለመቍረጥ ይቸገራል። ከመምህራንና ከቤት ባለቤቶች ዘንድ ተደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄም ይኸው ነው። «የታንካችን ውኃ ቀላ፤ ታንኩን እንጣለው ወይስ እናጽዳው? ዝገትስ ሰውን ያሳምማል?» ይሉናል። በዚህ ወር ጽሑፋችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት እንሞክራለን።

ዛሬ በብዙ ግቢ ውስጥ የፕላስቲክ ታንክ ተተክሏል። ይሁን እንጂ በአሮጌ ትምህርት ቤቶች፣ በአሮጌ መኖሪያ ቤቶችና በልዩ ልዩ ድርጅቶች ግቢ ከላሜራ የተሠራው የብረት ታንክ አሁንም በመቆሚያው ላይ እንደ ተቀመጠ ነው። ከጣራ የሚወርደውን የዝናብ ውኃ በብረት በርሜል የሚያጠራቅመውም ቤተ ሰብ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ነገሩ የብዙ ሰው ጉዳይ ነው።

አንድ የደረሰብን ነገር

ወደ ትምህርቱ ከመግባታችን በፊት ከራሳችን ስሕተት አንዱን ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ እንወዳለን። ስሕተትን ደብቆ ስለ ጤና ማስተማር አይገባምና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ትምህርታችንን በውጭ አገር ፈጽመን በተመለስንበት ጊዜ፣ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ለምርመራ ሄደን ነበር። በግቢው ውስጥ 5000 ሊትር የሚይዝ አሮጌ የብረት ታንክ በድንጋይ መቆሚያ ላይ ቆሟል። ርእሰ መምህሩ ትጉህ ሰው ስለ ነበሩ በየሳምንቱ ሰኞ ክሎሪን በገዛ እጃቸው እየለኩ በታንኩ ውስጥ ይጨምሩ ነበር። ሆኖም ብዙ ልጆች በሆድ ሕመም ከትምህርት ይቀሩ ስለ ነበር ምክንያቱ ጠፍቶባቸዋል። እኛም ልጆቹ ከሚጠጡበት ቧንቧ ውኃ ቀድተን በመለኪያችን ብንፈትነው፣ ከቶ አንዲት የክሎሪን ምልክት አልተገኘበትም። ርእሰ መምህሩ የጨመሩትን ክሎሪን ከልጆቹ አፍ ሳይደርስ የታንኩ ዝገት በልቶት ኖሯል።

ይህን በማወቃችን ደስ ብሎን ታንኩ ባዶ ተደርጎ እንዲጸዳ አዘዝን። ውኃው ተለቀቀ፤ ክዳኑም ተገጠመ፤ ሥራው ሳይጀመር ሁለት ሳምንት አለፈ። በቀጠሮው ቀን የግቢው ዘበኛ የሽቦ ቡሩሽ ይዘው በላይኛው ጠባብ በር ወደ ውስጥ ወረዱ። አብሮን የነበረው ቧንቧ ሠራተኛ በወገባቸው ላይ ገመድ ሲያስር አይተን «ይህ ደግሞ ለምን ያስፈልጋል?» ብለነው ነበር። እርሱም «ጌታዬ፣ ግድ የለም ይታሰር» አለ። ጥቂት ደቂቃ አልፎ የቡሩሹ ድምፅ ተቋረጠ። «አባባ!» ብለን ብንጣራ መልስ የለም። አንድ ወጣት መምህር ሊያወጣቸው ዘሎ ሊገባ ሲል ቧንቧ ሠራተኛው ደረቱን ይዞ መለሰው፤ ገመዱንም ለአራት ጎትተን ሽማግሌውን አወጣናቸው። ፊታቸው ጠቁሮ፣ ራሳቸውን ስተው ነበር። በነፋስ ላይ ጥቂት ከቆዩ በኋላ ነፍሳቸው ተመለሰ፤ ወደ ሕክምናም ተወሰዱ፤ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፉ።

በዚያ ታንክ ውስጥ መርዝ አልነበረም። የጎደለው ለመተንፈስ የሚያስፈልገው አየር ነበር። አየሩን የጨረሰውም ክሎሪኑን የጨረሰው ያው ዝገት ነው። ይህን በመጽሐፍ ተምረነው ሳለ በሥራው ቀን ዘነጋነው፤ በመጽሐፍ ያልተማረው ቧንቧ ሠራተኛ ግን አስታወሰው። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ የተጻፈበት ምክንያት ይህ ነው።

ዝገት ምንድን ነው?

ዝገት ማለት ብረት ከውኃና በአየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ የሚገኘው ቀይ ቡናማ ትቢያ ነው። ከሦስቱ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ ዝገት አይኖርም። በደረቅ አየር ውስጥ የተቀመጠ ብረት አይዝግም፤ አየር በሌለበት ውኃ ውስጥ የተቀመጠም እጅግ ዘግይቶ ካልሆነ በቀር አይዝግም።

መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው በቀላሉ ሊያሳዩ ይችላሉ። ሦስት ንጹሕ ብልቃጦችና ሦስት አዲስ ሚስማሮች ይዘጋጁ። በመጀመሪያው ብልቃጥ ግማሽ ያህል ውኃ ተጨምሮ አፉ ክፍት ይሁን። በሁለተኛው፣ በደንብ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ እስከ አንገቱ ተሞልቶ አየር እንዳይገባ በላዩ ዘይት ይፍሰስበት። ሦስተኛው ፈጽሞ ደረቅ ሆኖ ጥብቅ ተደርጎ ይከደን። ከአንድ ሳምንት በኋላ በመጀመሪያው ብልቃጥ ያለው ሚስማር ብቻ ጎልቶ ዝጎ ይገኛል። ሕፃናት ይህን በዐይናቸው ያዩ እንደ ሆነ ከብዙ ቃል ይልቅ ይረዳቸዋል።

ብረት ከሌሎች ማዕድናት የሚለይበት ክፉ ጠባይ አለው። የዚንክ ወይም የአሉሚኒየም ዝገት ቀጭንና ጥብቅ ሽፋን ሆኖ ከሥሩ ያለውን ይጠብቃል። የብረት ዝገት ግን ወንፊት የመሰለ ቀዳዳ ያለው ነው፤ ከመጣበት ብረትም ይልቅ ብዙ ስፍራ ስለሚይዝ ያብጥና ቅርፊት እየሆነ ይረግፋል። በረገፈም ጊዜ አዲስ ብረት ለውኃና ለአየር ይጋለጣል። እንዲህ እያለ ላሜራው እስኪበሳ ድረስ ይቀጥላል።

ታንክ በየትኛው ስፍራ ይዝጋል?

ሁሉም ስፍራ እኩል አይዝግም። የመጀመሪያው ስፍራ ውኃው ከፍና ዝቅ የሚልበት መስመር ነው፤ በዚያ ብረቱ አንድ ጊዜ ይርሳል፣ አንድ ጊዜ ይደርቃል፣ አየርም እንደ ልብ ያገኛል። ሁለተኛው የክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ነው፤ እንፋሎት እየተንጠባጠበ ሲያረጥበው ይኖራል። ሦስተኛውና አደገኛው ወለሉ ነው። በወለሉ ላይ ጭቃና የረገፈ ዝገት ሲጠራቀም፣ ከዝቃጩ በታች ያለው ብረት ከዙሪያው ያነሰ ኦክሲጅን ያገኛል። በዚህ ልዩነት ምክንያት ትንሽ የኤሌክትሪክ ኀይል ይነሣና ከዝቃጩ በታች ያለው ብረት እየተበላ ጕድጓድ ጕድጓድ ይሆናል። ከውጭ ጤነኛ መስሎ የሚታይ ታንክ ከወለሉ ድንገት የሚበሳው ስለዚህ ነው።

አራተኛው ልዩ ልዩ ማዕድናት የሚገናኙበት መጋጠሚያ ነው። የመዳብ ወይም የነሐስ ዕቃ በቀጥታ ከብረት ታንክ ጋር የተያያዘ እንደ ሆነ፣ ውኃው በመካከላቸው እንደ ባትሪ እንዲሠሩ ያደርጋቸዋል፤ መዳቡ ሲድን ብረቱ ይበላል። ይህን ምስጢር በመልካም ጎኑ የተጠቀመበት እንግሊዛዊው ሊቅ ሃምፍሪ ዴቪ ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1824 የእንግሊዝ መርከቦች የተለበጡበት መዳብ በባሕር ውኃ እንዳይበላ፣ የብረትና የዚንክ ቍራጭ በላዩ እንዲያያዝ መከረ፤ ቍራጮቹ በመዳቡ ፈንታ ተበሉ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1837 ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ብረትን በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ነክሮ ለመለበጥ የሥራ መብት ተቀበለ። ዛሬ በየጣራችን ያለው ቆርቆሮና ዚንክ የተለበጠው ታንክ የዚሁ ዘዴ ልጆች ናቸው። ዚንኩ ለብረቱ ቤዛ ሆኖ ይበላለታል። ዚንኩ ያለቀ ቀን ግን ተራው የብረቱ ነው።

ከጣራ የሚወርድ የዝናብ ውኃ በብረት ላይ ይልቁን ይበረታል። ይኸውም ማዕድን ያልተቀላቀለበት ለስላሳ ውኃ ከመሆኑ በላይ ከአየር የካርቦን ጋዝ ስለሚወስድ ጥቂት የአሲድነት ጠባይ ስላለው ነው። ሙቀትም ዝገትን ያፋጥናል።

ዝገት ለጤና ጎጂ ነውን?

ለዚህ ጥያቄ አጭር መልስ መስጠት አሳሳች ስለሆነ ነገሩን ከፋፍለን እንመልከት።

በመጀመሪያ፣ በውኃ ውስጥ ያለ ጥቂት ብረት ራሱ ጤነኛን ሰው አይመርዝም። የዓለም የጤና ድርጅት በመጠጥ ውኃ ስላለ ብረት ለጤና ሲባል የወሰነው ልክ የለም። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከ0.3 ሚሊግራም በታች የሆነ ብረት ጣዕሙ ብዙ ጊዜ አይታወቅም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ልብስንና ዕቃን ያቀላል። ነገር ግን «ብረት ለደም ጥሩ ነው» በማለት ዝገት ያለበትን ውኃ ለደም ማነስ መድኀኒት ማድረግ ስሕተት ነው። ሰውነታችን ከዝገት የሚወስደው እጅግ ጥቂት ነው።

ሁለተኛ፣ «የዛገ ነገር ቴታነስ ያመጣል» የሚባለው በዝገቱ ምክንያት አይደለም። የቴታነስ ጀርም በአፈርና በከብት ፋንድያ ውስጥ ይኖራል፤ ሰውን የሚይዘውም በቍስል ሲገባ ነው። የዛገ ሚስማር የሚፈራው ብዙ ጊዜ በአፈር ላይ ወድቆ ስለሚገኝና ጠልቆ ስለሚወጋ ነው። የዛገ ውኃ የጠጣ ሰው ከዚህ የተነሣ ቴታነስ አይይዘውም። ታንክ የሚያጸዳ ሰው እጁ የተቈረጠ እንደ ሆነ ግን ቍስሉን አጥቦ ስለ ክትባቱ ጤና ጣቢያ ይጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ዋናው ጉዳት የተሰወረው ነው። የዝገት ቅርፊት ወጣ ገባና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ለጀርሞች መጠለያ ይሆናል። ወፍ ወይም አይጥ በክዳኑ ገብቶ ያቆሸሸው፣ ወይም ከተሰነጠቀ ቧንቧ የገባ ቆሻሻ በዚያ ተደብቆ ይቀመጣል። ክሎሪን ሲጨመር ደግሞ በውኃው የተሟሟው ብረት ቀድሞ ይይዘዋል። አንድ ሚሊግራም የተሟሟ ብረት ከግማሽ ሚሊግራም የሚበልጥ ክሎሪን ይፈጃል። ቧንቧ ላይ ሲደርስ ግን በእያንዳንዱ ሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ነፃ ክሎሪን እንዲቀር እንፈልጋለን። እንግዲህ ርእሰ መምህሩ በትጋት የጨመሩት ክሎሪን ወዴት እንደ ሄደ ግልጽ ነው። ክሎሪን ጨምሬያለሁ ብሎ መታመን ሳይሆን ክሎሪኑ መቅረቱን መለካት ይገባል።

አራተኛ፣ በአንዳንድ ታንክ ውስጥ የሚታየው ብርቱካንማ ልጋግ የብረት ባክቴሪያ የሚባሉት ሥራ ነው። ከእነዚህ አንዷ ጋሊዮኔላ ትባላለች። እርሷን እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ዓመታት የገለጸው ጀርመናዊው ኤሬንበርግ ቀደም ሲል በቀይ ባሕር ዳርቻ ተዘዋውሮ ያጠና ሊቅ ነው፤ የጉዞ ጓደኛው ሄምፕሪክም እ.ኤ.አ. በ1825 በምጽዋ ሞቶ በዚያው ቀርቷል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በሽታ አያመጡም፤ ነገር ግን ውኃውን ያሸቱታል፣ ቧንቧውን ይደፍናሉ፣ ለሌሎችም ጀርሞች መኖሪያ ያበጃሉ።

አምስተኛ፣ በድሮ ጊዜ ብረትን ከዝገት ለመጠበቅ ይቀባ የነበረው ቀይ ቀለም ብዙ ጊዜ እርሳስ የሚባለው መርዛም ማዕድን ነበረበት። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳት የሌለው መጠኑም አይታወቅም። ስለዚህ ውስጡ በአሮጌ ቀይ ቀለም የተቀባ ታንክ ለመጠጥ አይሁን፤ ቀለሙም በደረቁ አይፋቅ፤ ትቢያው ራሱ መርዝ ነውና።

ምርመራ

ታንኩን ከመንካት በፊት ቀይነቱ ከየት እንደሚመጣ መለየት ያስፈልጋል። ጠዋት ማንም ውኃ ሳይቀዳ በሦስት ነጭ ብርጭቆዎች ውኃ ይወሰድ፤ አንዱ ወደ ታንኩ ከሚገባው የመንገድ ቧንቧ፣ ሁለተኛው በንጹሕ ዕቃ ከታንኩ ላይ፣ ሦስተኛው ልጆች ከሚጠጡበት ቧንቧ ይሁን። መጀመሪያው የቀላ እንደ ሆነ ጉዳዩ ለውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ይነገር። መጀመሪያው ጠርቶ ሁለተኛው የቀላ እንደ ሆነ ጥፋቱ የታንኩ ነው። ሁለቱ ጠርተው ሦስተኛው ብቻ የቀላ እንደ ሆነ የዛገው የቤቱ ቧንቧ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ታንክ ማጽዳት ድካም ብቻ ነው። ከጕድጓድ የወጣ ውኃ ሲቀዳ ጠርቶ፣ በብርጭቆ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ የሚቀላ እንደ ሆነም ብረቱ ከምድር የመጣ ነው።

የቤት እመቤቶች የሚያውቁት ሌላ ምልክትም አለ። በውኃው ውስጥ የተሟሟ ብረት የበዛ እንደ ሆነ ሻይ ሲፈላ እንደ ቀለም ይጠቍራል። በሻይ ቅጠል ያለው ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ ጥቍር ነገር ስለሚሆን ነው። ነጠላና ሸሚዝም ይዝጋል። የዛገ ልብስ በበረኪና አይታጠብ፤ በረኪና ነጠብጣቡን ያጸናዋል እንጂ አያስለቅቀውም። ሎሚና ጨው ተቀብቶ በፀሐይ ጥቂት ቆይቶ ቢታጠብ ይሻላል።

ታንኩ ባዶ ሲሆን ወለሉ ከውጭ በትንሽ መዶሻ ቀስ ተብሎ ይመታ። ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ ስፍራ ጤነኛ ነው፤ የታፈነ ድምፅ የሚሰጥ ወይም የሚሰረጕድ ስፍራ ተበልቷል። ከዚህም በኋላ ፍርዱ ሦስት ዓይነት ነው። ዝገቱ እንደ ትቢያ ሆኖ ላሜራው ጠንካራ የሆነ ታንክ ይጽዳ። ጕድጓድ ጕድጓድ የሆነ ግን ያልተበሳ ታንክ ተጸድቶ ይለበጥ፤ የሚተካውም ታንክ ገንዘብ ከአሁኑ ይታሰብበት። የተበሳ፣ በብዙ ስፍራ የተበየደ ወይም አሮጌ ቀይ ቀለም ያለበት ታንክ ለመጠጥነቱ ይሰናበት።

ሰው ወደ ታንክ ከመግባቱ በፊት

ይህን ክፍል አንባቢዎቻችን ሁለት ጊዜ እንዲያነቡት እንለምናለን።

የምንተነፍሰው አየር ከመቶ 21 እጅ ያህል ኦክሲጅን አለው። በተዘጋ እርጥብ የብረት ታንክ ውስጥ ዝገቱ ይህን ኦክሲጅን ቀን ከሌት ይወስዳል። ከ10 እጅ በታች የወረደ እንደ ሆነ ሰው ሳያስጠነቅቀው ራሱን ይስታል። ጢስ የለም፤ ሽታ የለም፤ ማፈን እንኳ አይታወቅም። እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2007 በሰሜን ባሕር ላይ ቫይኪንግ አይላይ በተባለች መርከብ የመልሕቅ ሰንሰለት በሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ሦስት መርከበኞች የሞቱት በዚሁ ምክንያት ነው። የዛገው ብረት አየሩን ጨርሶት ነበር፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሊረዳው፣ ሦስተኛውም ሊያድን ብሎ ገብቶ ቀረ። የሰው ርኅራኄ በዚህ ስፍራ ወጥመድ ይሆናል።

ስለዚህ የሚከተለው ሕግ ይጠበቅ።

1ኛ/ ከውጭ በረዥም ቡሩሽና በጎማ ውኃ ሊጸዳ የሚችል ታንክ ሰው አይግባበት።

2ኛ/ መግባት ግድ የሆነ እንደ ሆነ ሥራው ለዚህ የሠለጠነና ኦክሲጅን መለኪያ ላለው ሠራተኛ ይሰጥ። ክዳኑና የታችኛው መውጫ አስቀድመው ይከፈቱ፤ ንጹሕ አየርም በማራገቢያ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ይግባ። ክዳን ከፍቶ ጥቂት ጊዜ መጠበቅ ብቻ አይበቃም።

3ኛ/ ሻማ ወይም ክብሪት አብርቶ መፈተን አይታመንም፤ አደጋም አለው።

4ኛ/ የሚገባው ሰው በማንሻ ቀበቶና በገመድ ይታሰር፤ ገመዱን የያዙ ሁለት ሰዎች ከበሩ ፈጽሞ አይራቁ፤ ዘወትርም ያነጋግሩት።

5ኛ/ ከውስጥ ያለው ዝም ያለ እንደ ሆነ በገመድ ይጎተት እንጂ ማንም ተከትሎ አይግባ።

6ኛ/ ተማሪዎች በምንም ምክንያት ታንክ እንዲያጸዱ አይታዘዙ።

የማጽዳቱ ሥራ

ውኃው በታችኛው መውጫ ይለቀቅ፤ ወደ ቤቱ የሚሄደው ሳራቺኔስካ አስቀድሞ ይዘጋ፤ አለዚያ ዝቃጩ ሁሉ ወደ ቧንቧው ይወርዳል። ዝቃጩ ተጠርጎ ይውጣ። ግድግዳው እርጥብ እንደ ሆነ በሽቦ ቡሩሽ ይፈተግ፤ በደረቁ ከተፈተገ ትቢያው ሳንባ ውስጥ ይገባል። ያልለቀቀውን ዝገት በሆምጣጤ ወይም በሎሚ አሲድ ማርጠብ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ በብዙ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። በረኪናና አሲድ አይገናኙ። ሆምጣጤም ሆነ ሎሚ ከበረኪና ጋር የተደባለቀ እንደ ሆነ መርዛም የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በታንክ ውስጥ ላለ ሰው ይህ ሞት ነው። አሲዱ ፈጽሞ ታጥቦ ሳይወጣ በረኪና አይምጣ።

ታንኩ ከታጠበ በኋላ በክሎሪን ይታከማል። ሽታ ያልተጨመረበትና ከመቶ 5 እጅ ክሎሪን ያለው በረኪና፣ ለ1000 ሊትር ውኃ 1 ሊትር ይበቃል፤ ይህም በእያንዳንዱ ሊትር 50 ሚሊግራም ያህል ይሆናል። ለ5000 ሊትር ታንክ እንግዲህ 5 ሊትር ማለት ነው። በመጀመሪያ ታንኩ እስከ ሩብ ድረስ ይሞላ፤ በረኪናው ይጨመር፤ ከዚያም እስከ አፉ ይሞላ። ቧንቧዎቹ የክሎሪን ሽታ እስኪሰጡ ተከፍተው ይዘጉ። ለ24 ሰዓት ማንም እንዳይጠጣ በግልጽ ጽሑፍ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችሉትም በቃል ይነገር። ክሎሪን ብረትን ስለሚበላ ከዚህ ጊዜ በላይ አይቆይ። ከዚያ ውኃው ሁሉ ተለቅቆ ታንኩ በአዲስ ውኃ ይሞላ፤ ከቧንቧው የሚወርደውም ተለክቶ በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊግራም ነፃ ክሎሪን ሲገኝበት ለመጠጥ ይፈቀድ።

ስለ መለበጥ

የተጸዳ ባዶ ብረት ሳይለበጥ የቀረ እንደ ሆነ ወዲያው መዛግ ይጀምራል። መርከበኞች ቀደም ሲል የመጠጥ ውኃ ታንካቸውን በቀጭን የሲሚንቶ ሊጥ ይቀቡ ነበር። ሲሚንቶ በጠባዩ የአሲድ ተቃራኒ ስለሆነ የነካው ብረት አይዝግም። ዋጋውም ለትምህርት ቤት አይከብድም። ንጹሕ ሲሚንቶ በውኃ እንደ ወፍራም ቀለም ተበጥብጦ በተጸዳውና ጥቂት በረጠበው ብረት ላይ በቡሩሽ ይቀባል፤ ሲጠነክር ይደገማል፤ ሦስተኛ ጊዜም ይቀባል። በፀሐይ ፈጥኖ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ ይጠበቅ። በመጀመሪያ የተሞላው ውኃ መራራ ስለሚሆን ይደፋ። ክሎሪን የሚደረገው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ገንዘብ ያለው ኢፖክሲ የሚባለውን ቀለም ሊያስቀባ ይችላል። ነገር ግን በመለያው ላይ ለመጠጥ ውኃ ታንክ የተፈቀደ መሆኑ የተጻፈበት ይሁን፤ እስኪጠነክር የታዘዘውም ቀን ይጠበቅ። በር የሚቀባበት አንቲረስትና ተራ የዘይት ቀለም ግን ለመጠጥ ውኃ ታንክ ፈጽሞ አይሁን። ነዳጅ ወይም ኬሚካል የነበረበት በርሜልም ምን ያህል ቢታጠብ የመጠጥ ውኃ ዕቃ አይሆንም።

ታንኩን ጥሎ የፕላስቲክ ታንክ መግዛት ከተቻለ መልካም ነው። ሆኖም ፕላስቲክ አይዝግም እንጂ ጭቃ ይጠራቀምበታል፤ ክዳኑ ክፍት ከሆነ ወፍና አይጥ ይገቡበታል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነም አረንጓዴ ሽበት ይበቅልበታል። እርሱም በየስድስት ወሩ መታጠብ አለበት።

ማጠቃለያ

የተከበራችሁ መምህራን ሆይ፤ በክፍላችሁ ካለው ሰሌዳ ይልቅ ልጆች በቀን ብዙ ጊዜ የሚጎበኙት የግቢውን ቧንቧ ነው። አንድ ደብተር ተዘጋጅቶ ታንኩ የታጠበበት ቀን፣ የክሎሪኑ ልክ፣ የክዳኑም ሁኔታ ይጻፍበት። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ኀላፊነቱን የሚወስድ አንድ ሰው ነው። ዝገት በአንድ ቀን አይመጣም፤ ስለዚህም ሰው ይለምደዋል፤ የለመደውንም አያየውም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ምክር ለብረትም ይሠራል።

ከላይ የጠቀስናቸው ሽማግሌ ዘበኛ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አግኝተውናል። ሲያገኙን «ጌታዬ፣ ገመዱን አይርሱ» ይሉናል። እኛም ይህን ምክር ከተማርንበት ከማንኛውም መጽሐፍ ሳናሳንስ ለአንባቢዎቻችን አስተላልፈናል።